ከብቶቼን በየቀኑ ለሚያዩልኝ በጎ ፈቃደኞች ምስጋና፣ ከብት ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን ፖስት መፃፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው ግን ነገ ዛሬ እያልኩ ቆየሁ፣ አሁን ከብቶቹ ለብርዱ ወደ በረት ሳይመለሱ ልበለው።

አስራ አንድ ከብቶቼ ሙቀቱን ወራት የሚግጡት የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ላይ ነው። ሂዝላንድ ይሉታል፣ አስታን የምታውቁ ካላችሁ የሷ ዘመድ የሆነ አጭር ቁጥቋጦ አሸዋማ ሜዳ ላይ ተነጥፎ አስቡት። ሰው ሁሌ "ጥብቅ ቦታ ከሆነ ከብት ምን ይሰራል" ይለኛል፣ እንደውም ከብት ሲጠፋ ነው ቦታው የሚጠፋው! ድሮ ሰው ጫካ መንጥሮ እያስጋጠ ያቆየው መሬት ስለሆነ ዝም ከተባለ ጥድና በርች የሚባል ዛፍ ይወርሰዋል፣ እንግሊዝ ብቻ በፈረንጆቹ ከ1800 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ቆላማ ሂዝላንዷን አጥታለች። ላም ሳሩን ትቀንሳለች፣ ችግኙን ትረግጣለች፣ በሸኮናዋ የገለጠችው አሸዋ ላይ ደሞ እንሽላሊት እንቁላሉን ይቀብራል።

ችግሩ እኔ ሩቅ ነኝ፣ ከብት ደሞ ቢያንስ በቀን አንዴ መታየት አለበት። የመጀመሪያው አመት "ላም አለኝ በሰማይ" የተባለው ለኔ ነበር የሚመስለኝ ስላችሁ። ከዛ ነው በጎ ፈቃደኞቹ ተራ አውጥተው በየቀኑ ማየት የጀመሩት፣ በነፃ።

ሀምሌ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ እናት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ አስራ አንዱም አሉ፣ ግን ጥቁሯ ጊደር ብቻዋን ቆማለች፣ ግራ አይኗን ጨፍናለች፣ ጉንጯ ላይ የእንባ መስመር አለ፣ ዝንብም ከቧታል።" እኔ ብሆን እኮ አስራ አንድ ቆጥሬ ደህና ናቸው ብዬ እመለስ ነበር! ሀኪሙ በዛው ቀን መጥቶ ሲያያት ዝንብ ካንዱ ወዳንዱ የሚያዛምተው የአይን በሽታ ነው አለ፣ ሌሎች ሁለትም ገና ሲጀምራቸው ተገኙ። አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው። ቢቆይ አይኗ ቆስሎ ልትታወር ትችል ነበር።

አንድ ቀን ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሄጄ ነበር፣ አሰራራቸው ገረመኝ። መጀመሪያ ዝም ብለው ከሩቅ ነው የሚያዩት፣ ላም ሰው ሲጠጋት ህመሟን ትደብቃለቻ። ተኝታ እያመሰኳች ነው ወይ፣ ስትነሳ ታነክሳለች ወይ፣ ትንፋሿ እንዴት ነው፣ እበቷ ቀጥኗል ወይ፣ ከመንጋው የተነጠለች አለች ወይ። ከዛ ቆጠራ፣ ጥቁር ላም ቁጥቋጦ ውስጥ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አንዷን ብቻ አርባ ደቂቃ ፈለግናት፣ ለካ ኋላችን ተኝታለች። በመጨረሻ የውሃ ገንዳው፣ አጥሩና በሩ ይታያል። አንዴ የሆነ መንገደኛ በሩን ክፍት ጥሎት ሄዶ (ልቦና ይስጠው) ከብቶቹ መንገድ ላይ ሳይወጡ የደረሱት እነሱ ናቸው። ማከምና መንዳት ውስጥ ግን አይገቡም፣ ያንን ለኔና ለሀኪሙ ነው የሚተዉት፣ ይሄም ደስ ይለኛል።

ቅሬታ ካላችሁኝ አንድ አለኝ፣ ዋትስአፕ ግሩፑ ላይ የሚፅፉት ሪፖርት ግማሹ መሬት ላይ ስለምትፈለፍል ወፍ ነው፣ ላሜ ጋ ለመድረስ ሶስት ፎቶ አልፋለሁ 😂

ከብት ጥብቅ ቦታ ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ ስለ ሳሩ ብቻ አትጠይቁ፣ በየቀኑ የሚያይ አለ ወይ፣ ሰልጥነዋል ወይ፣ ችግር ሲያዩ ለማን ነው የሚደውሉት በሉ። እንደነዚህ አይነት ሰዎች ካሉ አይናችሁን ጨፍናችሁ ስጡ። ከብት የሌላችሁም ብትሆኑ በሳምንት አንድ ጠዋት ካላችሁ ተቀላቀሏቸው፣ ስለ ላም ምንም ሳያውቁ የጀመሩ አሉ፣ እኚህ እናት ራሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ላም ተጠግተው አያውቁም ነበር።

ጥቁሯ ጊደር አይኗ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ቀረባት እንጂ ደህና ናት። ትላንት ፎቶዋን ላኩልኝ፣ ተኝታ ታመሰኳለች።