እንጀራና እምነት፦ በአንድ ሥራ ወይስ በሁለት?

አንደኛው መንገድ የሚያምኑበትን ሥራ መተዳደሪያ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደመወዝን ከሌላ ሥራ አግኝቶ ልብ የሚወደውን በትርፍ ሰዓት መሥራት።

የመጀመሪያው ትልቁ ጥቅም ጊዜ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት፣ ለ40 ዓመት የሠራ ሰው 80,000 ሰዓት ሥራ ላይ ያሳልፋል። ይህን ሁሉ ፊት አጨማዶ መግፋት ይከብዳል። ግን የሚወዱት ነገር የቤት ኪራይ መክፈል ሲጀምር ጠባዩ ይለወጣል። ገንዘብ ሰጪው «ይህቺን አንቀጽ ብታለዝባት» ሲል፣ እምቢ ከማለት በፊት ወሩ ስንት ቀን እንደቀረው መቁጠር ይመጣል።

ሁለተኛው ከዚህ ያድናል። ፈላስፋው ስፒኖዛ ሌንስ እየሞረደ ይኖር ነበር፤ በ1673 እ.ኤ.አ. የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ቢጠራው፣ የማሰብ ነፃነቴ ይጠብብኛል ብሎ ቀረ። (ሚስትና ልጅ እንዳልነበሩት አይረሳ።) ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ትርፍ ሰዓት የሚባለው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለችው፣ እንቅልፍ የተጫናት ሰዓት ናት።

እኔ ግን ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የደመወዙ ሥራ የማያሳፍር ከሆነ። ቀን መክፈል ለማይችል ሰው ብድር እያባበሉ ሰጥቶ፣ ማታ በጎ ፈቃደኛ መሆን እንዴት እንደሚያስተኛ አይገባኝም።