«አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» ለጅማ የሚዲያ ተማሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

ጅማ ላይ ሚዲያና ኮሙዩኒኬሽን የሚያጠኑ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚመርጡት ርዕስ ብዙ ጊዜ የአገር ቤት ጉዳይ ነው፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮ፣ የአፋን ኦሮሞ ዜና አዘጋገብ፣ የጤና መልእክት አድማጭ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ። እጃቸው የሚገቡት የንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት ግን በአመዛኙ የአውሮፓንና የአሜሪካን ሚዲያ መነሻ ያደረጉ ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በቅድሚያ የምመክረው የመረጃ ምንጭ «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» ነው።

አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሲሆን፣ መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ አድርጎ በአህጉሪቱ የሚታተሙ ከ500 በላይ የጥናት መጽሔቶችን አሰባስቧል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትማቸው መጽሔቶችም በውስጡ ይገኛሉ። አኅጽሮተ ጥናቱን ማንም በነጻ ያነባል፤ ሙሉው ጽሑፍ ግን እንደየመጽሔቱ በነጻ ወይም በክፍያ ይገኛል።

ትልቁ ድክመቱ አመዳደቡ ላይ ነው። የኮሙዩኒኬሽን መጽሔቶች ከመረጃና ከቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ጋር በአንድ ምድብ ስለታጨቁ፣ ምድቡን ብቻ የሚያስስ ተማሪ ለርዕሱ የሚሆን ጽሑፍ የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ስለ ሬዲዮ የተሠራ ጥናት በግብርና ኤክስቴንሽን፣ በትምህርት፣ በሕግ ወይም በጤና መጽሔት ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ ጅማን በመሰለ፣ የጤናና የግብርና ትምህርት ሥር በሰደደበት ከተማ ለሚያጠና ሰው ይህ በእውነቱ ሀብት ነው። ስለዚህ ምድቡን ትቶ በቁልፍ ቃል መፈለግ ይሻላል። የከተማችን ስም በእንግሊዝኛ አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤም» ስለሚጻፍ ሁለቱንም መሞከር ያስፈልጋል።

ስለ ሚዲያ ሕግ የሚጽፉ ተማሪዎች የጽሑፉን የኅትመት ዓመት አጥብቀው እንዲያዩ እለምናለሁ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ከመውጣቱ በፊት የታተመ ትንታኔ እንደ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ባሉ የቀድሞ ሕጎች ላይ የተመሠረተ ስለሚሆን፣ የዛሬውን ሕግ ለማስረዳት እንዳለ ሊጠቀስ አይገባም። መጽሔቶቹ በብዛት የሚጠቀሙት የፈረንጆቹን ዘመን መሆኑም አይዘንጋ፤ አዲሱ አዋጅ በእነርሱ አቆጣጠር የ2021 ነው።

የቆዩ ጋዜጦችን ይዘት ለሚተነትን ግን ይህ አገልግሎት አይበቃም። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመንን የመሰሉ ጋዜጦች የቆዩ እትሞች የሚፈለጉት አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) ስለሆነ፣ የጉዞውን ወጪና ጊዜ ርዕሱ ከመጽደቁ በፊት ማስላት ይገባል።

ሙሉው ጽሑፍ በክፍያ ብቻ ሲሆን ተማሪው ተስፋ ቆርጦ መተው የለበትም። የአጥኚው የኢሜይል አድራሻ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ፣ የትምህርት ክፍልንና የጥናቱን ርዕስ ጠቅሶ በትሕትና ቅጂ መጠየቅ በአጥኚዎች ዘንድ የተለመደ ነው።