ባለ ስድስት ጎን ረጅም አኳሪየም እና የሚስማማው ዓሣ፦ የስምንት ወር ግምገማ

ባለፈው መስከረም አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የቤት እንስሳት መሸጫ የገዛሁት አኳሪየም ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የእያንዳንዱ ጎን ስፋት ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ስድስት ጎን መስታወት ነው። የፕላስቲክ ክዳን፣ በክዳኑ ውስጥ የተገጠመ የኤል ኢ ዲ መብራት እና ትንሽ የአየር ፓምፕ አብረውት ይሸጣሉ። በአሠራሩ ቅር አልተሰኘሁም፤ መስታወቶቹን ያያያዘው ሲሊኮን ንጹሕ ነው፣ እስከ ዛሬ ጠብታ ውሃ አላፈሰሰም፣ ሳሎን ጥግ ላይ ሲቀመጥም ከአንድ በርጩማ የሚበልጥ ቦታ አይወስድም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ቅርጽ ባለው ውሃ ውስጥ የትኛው ዓሣ በደህና ሊኖር እንደሚችል ቀድሜ ባለመጠየቄ መሞት ያልነበረባቸው ዓሦች ሞተውብኛል።

ካርቶኑ ላይ 29 ሊትር የሚል ተጽፏል። ጠጠር ገብቶበት ከአፉ ትንሽ ጎደል ተደርጎ ሲሞላ የሚይዘው ውሃ ከ25 ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ከሊትሩ ይልቅ መታየት ያለበት ግን የውሃው ገጽ ስፋት ነው፤ ኦክስጅን የሚገባውም ሆነ ዓሣው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና። የዚህ አኳሪየም የውሃ ገጽ 585 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ አራት ማዕዘን አኳሪየም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ቢሞላ 27 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ገጹ ግን 1,350 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የውሃው መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ አንደኛው ከሌላኛው ከእጥፍ በላይ ይተነፍሳል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ የሚይዘው ከ6.2 ሚሊ ግራም ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚሠራውን "ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ" የሚል ስሌት እንዳለ ወስዶ ረጅምና ጠባብ በሆነ ዕቃ ላይ መተግበር ዓሣውን ማፈን ነው።

የሸጠልኝ ወጣት ትሑትና ተግባቢ ነበር። "ጋሼ፣ ቁመት ስላለው ቁመት ያለው ዓሣ ነው የሚያምርበት" ብሎ እያንዳንዳቸው የአንድ ብር ሳንቲም የሚያካክሉ ሁለት ኤንጅል ፊሾች መረጠልኝ። ሁለት ወርቃማ ዓሦችን፣ መስታወቱን ያጸዳል የተባለ አንድ ፕሌኮንም ጨመረበት። ሐሳቡ ለጊዜው አሳማኝ መስሎ ታየኝ፤ ኤንጅል ፊሽ በእርግጥም ከርዝመቱ ይልቅ ቁመቱ የሚያይል ዓሣ ነው። ነገር ግን ሲያድግ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይኛው ክንፉ እስከ ታችኛው ክንፉ ጫፍ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚደርስ፣ ማዶ ለማዶ 26 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ዕቃ ውስጥ መዞር እንኳ ይከብደዋል። ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ወርቃማው ዓሣም ትልቅ የሚሆን፣ ብዙ የሚበላ፣ በዚያው ልክም ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ ዓሣ ነው፤ ለዓመታት በትንሽ ብርጭቆ ገንዳ ውስጥ ሲታይ በመኖሩ ብቻ ትንሽ ዕቃ የሚበቃው ይመስለናል።

የእኔ ጥፋት በዚህ አላበቃም። ዓሦቹን ውሃው በተሞላበት ዕለት ማታ አስገባኋቸው። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ ተራብተው እስኪበቁ ድረስ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለቱ ወርቃማ ዓሦችና ፕሌኮው ሞቱ። ኤንጅል ፊሾቹን 200 ሊትር አኳሪየም ላለው ወዳጄ ሰጥቼ፣ የእኔን ያለ ዓሣ፣ ሲበሰብስ አሞኒያ ሆኖ ባክቴሪያዎቹን እንዲመግብ በቀን በቀን ቁንጽል ምግብ እየጣልኩበት ስድስት ሳምንት አቆየሁት።

በእነዚያ ሳምንታት እያንዳንዱን ዓሣ በመጠኑ ሳይሆን በአዋዋሉ መመዘን ጀመርኩ። ዜብራ ዳኒዮ ብርድን በደንብ የሚችል፣ ከአምስት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ዓሣ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ወደ ጎን ሲሮጥ የሚውል ነው፤ እዚህ ውስጥ ረጅሙ መንገድ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኒዮን ቴትራም ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ በመንጋ ወዲህና ወዲያ ሲሄድ ነው ደህና የሚሆነው። ከወለል የማይለዩት ኮሪዶራሶች በቡድን መኖር ሲገባቸው፣ ወለሉ ለአንድ ቡድን አይበቃም፤ በዚያ ላይ አልፎ አልፎ አየር ለመጎረስ ወደ ላይ ስለሚወጡ በየጊዜው ያን ሁሉ ከፍታ መውጣት ይኖርባቸዋል። ጋፒ ይሻላል፤ አራት ወንዶች ብቻቸውን ቢገቡ ይበቃሉ። ሴት ከተቀላቀለች ግን በየወሩ ገደማ ስለምትወልድና ከወንድ ተለይታም ለወራት መውለድ ስለምትችል፣ አኳሪየሙ ብዙም ሳይቆይ ይጨናነቃል።

በመጨረሻ የመረጥኩት አንድ ወንድ ቤታ ነው። ቤታ የታይላንድና የአካባቢው ረግረግና የሩዝ ማሳ ዓሣ ሲሆን፣ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ስንጥቡ በተጨማሪ ከውሃው ገጽ በቀጥታ አየር ወስዶ የሚተነፍስበት አካል አለው። የእኛው አምባዛ ውሃ በጎደለበት ጭቃ ውስጥ ሳይሞት የሚቆየው በዚህ ዓይነት ችሎታ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የውሃው ገጽ ለጠበበበት ዕቃ፣ ያውም በዚህ ከፍታ ላይ፣ ከዚህ የተሻለ ዓሣ አላገኘሁም። ብቻውን መኖርም ይስማማዋል፤ ሁለት ወንዶች ከሆኑ ይጣላሉ።

ሆኖም ቤታ የጥልቅ ውሃ ዓሣ አለመሆኑን ገዢ ሊያውቀው ይገባል። ክንፉ እንደ ነጠላ የሚዘረጋውን ዓይነት ትቼ አጭር ክንፍ ያለውን የገዛሁት ለዚህ ነው፤ ረጅሙ ክንፍ ዓሣውን እየጎተተ ወደ ላይ መውጣቱን አድካሚ ያደርግበታል። ከወለሉ እስከ ገጹ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ደረቅ እንጨት አቁሜ አኑቢያስ የተባለውን ሰፊ ቅጠል ተክል በየደረጃው አሰርኩበት። ዓሣው ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው እያረፈ ይወጣል፤ ማታ የሚተኛው ከገጹ አራት ጣት ዝቅ ብሎ በሚገኘው ቅጠል ላይ ነው። አብሮት ያለው አንድ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው።

አብሮ የመጣው የአየር ፓምፕ አቅሙ ደካማ ነው። ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ውሃ ተጭኖ አየር ማውጣት ስለተሳነው ጠንከር ባለ ቀይሬ ከስፖንጅ ማጣሪያ ጋር አገናኘሁት፤ አሁን የታችኛው ውሃ ወደ ላይ እየወጣ ይታደሳል። መብራቱም ወለሉ ላይ ሲደርስ ስለሚደክም ተክል ጠጠር ውስጥ ከመትከል ይልቅ ከፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ለማጽዳት እጅ እስከ ብብት መግባት ስላለበት ረጅም እጀታ ያለው መፋቂያ ግድ ይላል። ሲሞላ ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝንና መቆሚያው ጠባብ ስለሆነ፣ ልጆች ባሉበት ቤት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ መቀመጥ አለበት።

ማሞቂያ አብሮ አይሸጥም፤ ለቤታ ግን የግድ ነው። የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የሳሎኔ ሙቀት 17 ዲግሪ ድረስ ወርዷል። 50 ዋት ማሞቂያ በቂ ሆኖልኛል፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ዕቃውን በወፍራም ብርድ ልብስ ዙሪያውን እጠቀልለዋለሁ፣ ክዳኑን ግን አልሸፍነውም። ክዳኑ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ቤታ ዘሎ እንዳይወጣ ያግደዋል፣ ከገጹ በላይ ያለው የሚተነፍሰው አየርም ሞቃትና እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። የሽቦ ማስገቢያው ቀዳዳ ከሚገባው በላይ ሰፊ በመሆኑ ቀዝቃዛ አየር ያስገባ ነበርና ዙሪያውን በስፖንጅ ቁራጭ ሞልቼ፣ አየር የሚዘዋወርበት የጣት ያህል ክፍተት ብቻ ትቼለታለሁ።