የድሮ ቪኒል አሻንጉሊት በምን ይታጠብ፣ በምን ይድረቅ?

የድሮ አሻንጉሊት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በምን ልጠበው?» ብሎ ነው። ማጽጃው ደግሞ ገበያው ላይ ሞልቷል። እኔ ግን ጥያቄውን ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ በምን ይታጠብ፣ በምን ይድረቅ። ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። አብዛኛው ቪኒል አሻንጉሊት ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ የሚወጣውም በዚያው ነው። ላዩ ደርቆ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ሻጋታውም ዝገቱም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ንጽጽሩን የማደርገው ሦስት ዓይነት አሻንጉሊቶችን ይዤ ነው። ለአንዱ የሚስማማው ሌላውን ያበላሻልና። አንደኛዋ ማቴል እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ያቀረባት ባርቢ ናት። ሁለተኛዎቹ ሃዝብሮ በ1980ዎቹ የሠራቸው የማይ ሊትል ፖኒ ፈረሶች ናቸው። ሦስተኛው ጃፓኖች ሶፉቢ የሚሉት ለስላሳ ቪኒል ነው፤ ማሩሳንና ቡልማርክ የተባሉ የጃፓን ኩባንያዎች በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ያወጧቸው ጎድዚላና መሰል ጭራቆች ማለት ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንወቅ። ቪኒል የምንለው ፒቪሲ በራሱ ደረቅ ነው። የውሃ ቧንቧውም ፒቪሲ ነው። አሻንጉሊቱን የሚያለሰልሰው ፕላስቲሳይዘር የሚባል ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ለስላሳ ቪኒል ላይ መጠኑ ከጠቅላላ ክብደቱ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ፈሳሽ ፕላስቲኩ ውስጥ ተሰግስጎ ነው ያለው እንጂ አልተቆራኘም። በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ይወጣል። አሮጌ አሻንጉሊት እጅ ላይ ሙጭጭ የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ጠንካራ ማጽጃ ይህን ፈሳሽ መጥጦ ያወጣዋል። ያኔ ቪኒሉ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

ማጽጃዎቹ

ከሁሉም ርካሹ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ከሁሉም የሚሻለውም እሱ ነው። ለብ ባለ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ውሃው ከ40 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዕቃውን አትዘፍዝፉት። ጨርቅ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ ጥረጉት፤ ስርጉድ ስርጉዱን ለስላሳ በሆነ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። አቧራ፣ የእጅ ወዝ፣ የወጥ ቤት ቅባት በዚህ ይለቃል። የማይለቀው የእስክሪብቶ ቀለምና የዝገት እድፍ ነው። ሦስቱም ዓይነት አሻንጉሊቶች ከዚህ ይጀምሩ፤ አብዛኛዎቹ ከዚህ አያልፉም።

አልኮል ላይ ግን ሰው በጣም ይደፍራል። የፋርማሲው 70 በመቶ አይሶፕሮፒል የስቲከር ሙጫ ያነሳል፣ ቀለምም አብሮ ያነሳል። የባርቢ ከንፈርና ቅንድብ በቀለም የተሳለ ነው። የፖኒዋ ዳሌ ላይ ያለው ምልክትም እንደዚያው። ሶፉቢ ደግሞ ውበቱ ያለው በላዩ በተነፋው ስስ ቀለም ላይ ነው፤ ያ ቀለም ከሄደ ዋጋው አብሮ ሄደ። ግድ ከሆነባችሁ በኮተን በድ እግሩ ሥር ሞክሩ። ጥጡ ቀለም ይዞ ከወጣ እጃችሁን ሰብስቡ። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ። ቀለሙን አልፎ ቪኒሉን ራሱን ያሳብጠዋል። በረኪናም ከዚሁ ተራ ነው።

ነጩ የሜላሚን ስፖንጅ በውሃ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ገር ይመስላል። ግን እጅግ የላመ ብርጭቆ ወረቀት እንደማለት ነው። እድፉን የሚያነሳው ፍቆ ነው። ፊት ላይ ካሻችሁት የሚያብለጨልጭ ወይም የደበዘዘ ቦታ ይተዋል፣ እሱም አይመለስም።

የእስክሪብቶ ቀለምን በተመለከተ ሰብሳቢዎች የሚያወዳድሩት ሁለት ነገር ነው፦ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት የብጉር ክሬም። የፋርማሲው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለእስክሪብቶ ደካማ ነው። 10 በመቶው የብጉር ክሬም ይሠራል። በእድፉ ልክ ብቻ ስስ አድርጋችሁ ትቀባላችሁ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ትሸፍናላችሁ፣ በየጥቂት ሰዓቱ እየገለጣችሁ ታያላችሁ። ችግሩ ክሬሙ እድፍንና ቀለምን አለመለየቱ ነው። ነጭና የገረጣ ቪኒል ላይ ሸጋ ነው። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ፖኒ ላይ ግን እስክሪብቶውን አጥፍቶ በቦታው ነጭ ነጥብ ይተካል። እንዲህ ባለ ፈረስ ላይ ጭረቷን ትቼ ብኖር እመርጣለሁ።

የድሮ ባርቢ ጆሮ አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁ መንስኤው የጆሮ ጌጡ ነው። ጌጡ ውስጥ ያለው መዳብ እየዛገ ቪኒሉ ውስጥ ይሰርጋል። ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ጌጡን አውጡ። ብረቱ እዚያው እያለ የሚደረግ ሕክምና ሁሉ ወጪ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማድረቁ

ፀሐይ ላይ ማስጣት ለልብስ እንጂ ለቪኒል አይሆንም። አልትራቫዮሌቱ ቀለሙን ያገረጣል፣ የፖኒ ሮዝ ፀጉር በተለይ ቶሎ ይሄዳል። ሙቀቱ ደግሞ ፕላስቲሳይዘሩን ወደ ላይ ይስበዋል። አድርቃችሁ ስትመለሱ ዕቃው ይበልጥ የሚጣበቅ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ፎን ብዙ ቤት ስላለ እጅ ቶሎ ወደ እሱ ይሄዳል። የሞቀ አየሩ ቪኒሉን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ እግር በአሻንጉሊቱ ክብደት ይጣመማል፣ ሲቀዘቅዝም ተጣሞ ይቀራል። ቢሆንም ፎኑን አትጣሉት። ሶፉቢ ላይ እጅና እግሩ ከገላው ጋር የሚገጣጠመው በመጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ፣ ፎኑን እያንቀሳቀሳችሁ ለአፍታ ብታሞቁት ይለሰልስና ሳይቀደድ ይወጣል። ቀዝቃዛ አየር ያለው ፎን ካገኛችሁ ደግሞ ለማድረቅም ያገለግላል። የምትገዙ ከሆነ ያንን ቁልፍ አይታችሁ ግዙ።

ሩዝ ውስጥ መቅበር ከስልክ የመጣ ልማድ ነው። ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ሲያገኝ ይቦካል። ለሻጋታ ምግብ አታቅርቡለት። ሲሊካ ጄል ግን ቁምነገር ነው። አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የምናገኛቸው ከረጢቶች ናቸው። እርጥበት ሲጠጣ ቀለሙ የሚቀየረውን ከገዛችሁ ብርቱካናማውን ምረጡ፤ ሰማያዊው ብዙውን ጊዜ ኮባልት ክሎራይድ አለበት፣ እሱም መርዛማ ነው። ያም ሆኖ ሲሊካ ዋናው ማድረቂያ አይደለም። ውሃ የቋጠረ ዕቃ አብሮት ብትዘጉ አይችለውም። የመጨረሻዋን እርጥበት ነው የሚጨርሰው።

እኔ የምመርጠው ተራውን ቬንቲሌተር ነው። ዕቃውን በጥጥ ፎጣ ታደርቃላችሁ። ከዚያ ከመጋጠሚያው የሚለያየውን ትለያያላችሁ። የወጥ ቤት ወረቀት እንደ ክር አክርራችሁ በአንገቱ ወደ ውስጥ ትሰዳላችሁ፤ ሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ እየጠጣ ይወጣል። ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ቬንቲሌተሩ ከሩቅ ይነፋበታል። 24 ሰዓት ትንሹ ነው፤ ፀጉር ላለው 48 ሰዓት ስጡት። ወረቀቱ ደርቆ ሲወጣ ነው ደረቀ የሚባለው። ፎጣው ነጭ ይሁን። ባለቀለም ፎጣም ጋዜጣም ቀለሙን ለቪኒሉ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለፖኒዎቹ ነው። የጅራቱ ሥር ገላው ውስጥ የተያዘው በብረት ነው። ውሃ ከገባ ያ ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱም ጅራቱን ቡናማ አድርጎ ዳሌው ላይ ይወጣል። ስለዚህ የፖኒ ገላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ ውሃ ውስጥ አይግባ። ጅራቱን ማጠብ ካስፈለገ ሥሩን ወደ ላይ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ፀጉሩን ብቻ ንከሩ። ስትገዙም ፈረሷን ጆሯችሁ አጠገብ ወዝወዝ አድርጉ። ውስጧ የሚንኳኳ የዝገት ቅርፊት ካለ፣ ወይም የጅራቱ ሥር ከቀላ፣ ዋጋ አስቀንሱ አለዚያም ተዉት። ከ1965 ወዲህ የወጡትን ጉልበታቸው የሚታጠፍ ባርቢዎችም እግራቸውን አትንከሩ፤ የመታጠፊያው ዘዴ ውስጥ ነው ያለው።

ገንዘብ ለማውጣት የተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ ቬንቲሌተርና ነጭ ፎጣ ይግዛ፣ ቀጥሎ ባለ ብርቱካናማ ሲሊካ። ከዚያ ከተረፈው ዲስቲልድ ውሃ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ቢገዛ ይጠቅማል፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋልና። አዲስ አበባ ላላችሁ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ይሆናል፣ አሲዱን እንዳትወስዱ ግን መለያውን አንብቡ። «የቪኒል ማደሻ» ተብለው የሚሸጡ ቅባቶች ላይ አንድ ብር አላወጣም፤ ላዩን ያብረቀርቁታል እንጂ የወጣውን ፕላስቲሳይዘር አይመልሱም። ጓንት ግን አይቅር። ድሮ ቪኒል ሲሠራ እርሳስ ያለበት ማረጋጊያ ይጨመር ነበርና፣ ማጠቢያ ሳህኑም ለአሻንጉሊት ብቻ ይሁን፤ የታጠበውም ለሕፃን አይሰጥ።

ከደረቀ በኋላ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ያ ስስ ላስቲክ ፕላስቲሳይዘሩን ይጠጣል። ስታይሮፎም ላይም አታስተኙት፤ ፎሙ ይቀልጥና ገላው ላይ ይጣበቃል። የመስታወት ቁም ሳጥን፣ ከመስኮት ራቅ ያለ፣ ዕቃዎቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ።