በዊልቸር ሰው ይዛችሁ አዋሽ ፏፏቴ ለምትወርዱ፦ የመጋላውን ሳይክል ሠሪ እንጠቁማችሁ

ምስጋናችን ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሳይክልና ዊልቸር ለሚሠራው ወንድማችን ነው። ከድሬ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እናት አባቱን በዊልቸር ይዞ የሚሄድ ሰው ከመኪናው በፊት ወንበሩን ያስፈትሽ።

የፓርኩ ጠጠር ላይ የከተማ ዊልቸር የሚሸነፈው በፊት ጎማው ነው። ባለ 5 ኢንቹ ጎማ ድንጋይ ሲነካ ቀጥ ይላል፤ የተቀመጠው ሰው ግን ወደ ፊት ይወረወራል። ወንድማችን በሰፊ ባለ 8 ኢንች ይቀይረዋል። የወንበሩ ፊት ከፍ ስለሚል ደግሞ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ዘንግ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ያስተካክላል። ይህ ከተዘለለ ጎማው ሲገፋ ይርገበገባል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል።

ሌላው ጣጣ የግራር እሾህ ነው። ድፍን ጎማ አይተነፍስም፣ ድንጋይ ላይ ግን ወገብ ይፈጃል። እሱ አሮጌ ካመነዳሪ ሰንጥቆ በጎማውና በአዲሱ ካመነዳሪ መሃል ያለብሳል። ረጅም እሾህ ያንንም ሊያልፍ ስለሚችል ፓምፕ፣ ማስቲሽና ትርፍ ካመነዳሪ ያዙ።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ሳይጠየቅ ይናገራል፦ የአብዛኛው ዊልቸር ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ተጭኖ ነው፤ ንፋስ ከቀነሰ ፍሬኑም ይላላል። ፏፏቴው አካባቢ ከመቆማችሁ በፊት ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ፍሬኑን ይዛችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ። ቢይዝም ወንበሩን ለቁልቁለቱ ጎን ሰጥታችሁ አቁሙት፤ ብቻውን ትታችሁ አትራቁ። እጅ የሚገፋበት የብረት ቀለበት ፀሐይ ላይ ይፋጃል፣ እርጥብ ጨርቅ አይጥፋ።

ፏፏቴውን ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ ወደ ታች የሚወርደው ቁልቁለት ለዊልቸር አይሆንም። ወንዙ አዞ አለው፣ ዳር አትጠጉ። ዝንጀሮዎቹ ምግብ ይነጥቃሉ፣ ስለዚህ ፌስታል ከወንበሩ ጀርባ አታንጠልጥሉ። (አዋሽ ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች የሚዳቀሉበት ቦታ ነውና ልጆቹ ልዩነታቸውን ይፈልጉ።) ክረምት ላይ ውሃው ይደፈርሳል፣ ግርማው ግን ያኔ ነው።

ዋጋውን ቀድሞ ይናገራል፣ የፈታውን አሮጌ ዕቃም ይመልሳል። ባለ 8 ኢንቹ ጎማ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ወንበሩን ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውሰዱለት። ኑርልን አቦ!