«ሴፍቲ አለው» የተባልኩት ከተር

ሦስት ከተር በአንዱ ዋጋ። በዚያ ላይ አስር ትርፍ ምላጭ ምርቃት። ማስታወቂያው በትልልቅ ፊደል «ሴፍቲ፣ አውቶማቲክ» ይላል። ሥራዬ ካርቶን መክፈትና ማሸግ ስለሆነ ከተር ከእጄ አይጠፋም። ያም ሆኖ ዝም ብዬ አላዘዝኩም። መጀመሪያ ሻጩን በመልእክት ጠየቅኩት።

«ምላጩ በራሱ ይመለሳል?»

«አዎ እህቴ፣ አውቶማቲክ ነው። አታስቢ።»

እኔም አላሰብኩም። በሦስተኛው ሳምንት ከሽርጤ ኪስ እስክሪብቶ ላወጣ እጄን ሰደድኩ። የጠበቀኝ ምላጭ ነው። ዘግቼ ነበር የከተትኩት፤ መዘጋቱንም አይቻለሁ። ኪሴ ውስጥ እንደተቀመጠ ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል። የመሀል ጣቴ አራት ስፌት በላ። ያከመችኝ ሐኪም ጅማቱን ለጥቂት ነው የሳተው አለችኝ።

ስፌቱ ከወጣልኝ በኋላ ካቻቢቴ አንስቼ ከተሩን ፈታሁት። በስተመጨረሻ ያናደደኝ ከቁስሉ ይልቅ ውስጡ ያየሁት ነገር ነው።

ሞላ የለውም። ምላጩን ወደ ውስጥ የሚስብ አንድም ሞላ የለም። ያለው ምላጩን የሚሸከም ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ከጎኑ ምላስ የመሰለች ተጣጣፊ ነገር ወጥታለች። በእጀታው ግድግዳ ላይ ደግሞ ትንንሽ ጥርሶች ተደርድረዋል። መግፊያውን፣ ማለትም ምላጩን በአውራ ጣት የምታወጡበትን፣ ስትጫኑት ምላሷ ከጥርሱ ትላቀቃለች። ስትለቁት ተመልሳ ትነክሳለች። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሐሳቡም አይከፋም። ብዙ ጥሩ ከተሮች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ እነሱ ላይ ምላሷም ጥርሶቹ ያሉበት ሐዲድም የብረት መሆኑ ነው።

የኔው ላይ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፤ ያውም ለስላሳ ፕላስቲክ። በሦስት ሳምንት የጥርሶቹ ጫፍ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ምላሷ በመታጠፍ ብዛት ደክማ ጎብጣ ቀርታለች። በመሀል የካርቶን ብናኝና የፕላስተር ኮላ ተደባልቆ ጥርሶቹን ደፍኗቸዋል። ታዲያ ምን ይነከስ? መግፊያው ደግሞ ከእጀታው በላይ ጉብ ብሎ ነው የተሠራው። ኪሴ ውስጥ የቤት ቁልፍ ነበረ። ጎንበስ ቀና ስል ቁልፉ መግፊያውን ገፋው፤ ምላጩም ወጣ። በቃ፣ ታሪኩ ይሄ ነው።

ሻጩ ዋሽቶኛል ወይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ተንኮል ያለበት። መልሼ ስወቅሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መግፊያውን ስትለቂው በራሱ ይቆልፋል አይደል? አውቶማቲክ ማለት እሱ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በራሱ ይቆልፋል። ግን የሚቆልፈው ምላጩ ወጥቶ እንዲቆም ነው! እኔ የጠየቅኩት በራሱ ስለሚመለስ ነው። ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ምላጩን ውጭ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ወደ ቤቱ ያስገባል። ማሸጊያው ላይ ግን ሁለቱም «አውቶ» ይባላሉ፣ ሁለቱም «ሴፍቲ» ይባላሉ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ማሸጊያ ላይ የምታዩአቸውን ቃላት እንፍታቸው።

«ሪትራክተብል» የሚል ካያችሁ ምላጩ ወደ ውስጥ መግባት ይችላል ማለት ነው። የሚያስገባው ማን ነው? እናንተ፣ በአውራ ጣታችሁ። ከረሳችሁት ወጥቶ ይቀራል። ስለ ሞላ ምንም ቃል አልገባላችሁም።

«አውቶ ሎክ» ከሆነ መግፊያውን በለቀቃችሁበት ቦታ ይቆለፋል። ጥቅሙ ስትቆርጡ ምላጩ ወደ ውስጥ እንዳይሸሽ ወይም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ነው። ይህ በተለይ በየክፍሉ እየተሰበረ የሚጣል ረጅም ምላጭ ላላቸው ከተሮች የተለመደ ነው። ከነዚሁ ወገን በእጅ የምትጠመዘዝ ክብ ማጥበቂያ ያላቸውም አሉ። ለወፍራምና ለጠንካራ ነገር እኔ ማጥበቂያ ያለውን እመርጣለሁ፤ አንዴ ከጠበቀ አይነቃነቅም። ግን ማጥበቅ የእናንተ ሥራ ነው። ከረሳችሁ ምላጩ እንደ ልቡ ይንሸራተታል።

(ወጣ ልበልና፣ ያን ተሰባሪ ምላጭ የፈለሰፈው ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ ነው፤ በ1956 እ.ኤ.አ.። ኦሳካ ውስጥ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ወረቀት ምላጭን ቶሎ ያደነዝዛል። ምላጩ ጫፉ ብቻ ደንዝዞ ሙሉው መጣሉ ይቆጨው ነበር። ጫማ ሠሪዎች መስታወት እየሰበሩ በአዲሱ ስለት ሲቆርጡ ማየቱና በመስመር በመስመር የሚሰበረው ቸኮሌት ሐሳቡን ሰጡት። ያቋቋመው ድርጅት ስም ኦልፋ ነው፤ በጃፓንኛ «የሚሰበር ስለት» ከሚለው የመጣ። ሐሳቡ ለቁጠባ የተወለደ ነው። መነሻው ጣታችሁ አልነበረም።)

«አውቶ ሪትራክት» የሚለው ነው እኔ የፈለግኩት። ከምላጩ ተሸካሚ ኋላ ሞላ አለ። መግፊያውን ስትገፉ ሞላው ይለጠጣል፣ ስትለቁት ምላጩን ስቦ ያስገባዋል። የሚገርመው ግን ይህንን የገዙ ብዙ ሰዎች አጠቃቀሙን አያውቁትም። መግፊያውን ገፍታችሁ ምላጩ ካርቶኑ ውስጥ እንደገባ አውራ ጣታችሁን ማንሳት አለባችሁ። «ታዲያ አይመለስም?» እንዳትሉ። በምትቆርጡበት ጊዜ የካርቶኑ ጫና ራሱ ምላጩን ወጥቶ እንዲቆይ ያደርገዋል። ምላጩ ከካርቶኑ ሲላቀቅ ጫናው ይጠፋል፤ ሞላውም ያኔ ይስበዋል። ጣታችሁን እስከ መጨረሻው እንደተጫናችሁ ከቆረጣችሁ ግን ሞላው ተይዟል። ምላጩ ካርቶኑን ጨርሶ ጭናችሁ ላይ ሲያርፍም እንደወጣ ነው። ለሞላው የከፈላችሁት ገንዘብ በዚያች አንዲት ልማድ ገደል ገባ ማለት ነው።

ለዚህ ነው አንድ ደረጃ ከፍ ያለው የተሠራው። እሱ ላይ እጃችሁ መግፊያውን ወይም መጭመቂያውን ይዞ ቢቆይ እንኳ ምላጩ ከሚቆርጠው ነገር ሲለይ ይመለሳል። ምላጩ ካርቶኑን ሲነካ የሚደርስበት ጫና በውስጥ ያለውን ማያያዣ ያላቅቀዋል። ከዚያ በኋላ እጃችሁ መግፊያውን እንጂ ምላጩን አልያዘም። ዋጋው ይወደዳል፣ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ለሚከፍት ሰው ግን እኔ ሌላ አልመክርም።

ምላጩ ጭራሽ የማይወጣባቸውም አሉ። ስለቱ በጠባብ አፍ ውስጥ ተደብቆ ፕላስቲክና ፕላስተር ብቻ ይቀድዳል። ጣት አይገባም። ወፍራም ካርቶን ላይ ግን አትድከሙ። የሴራሚክ ምላጭም አለ፤ ጫፉን ክብ አድርገው የሚሠሩት ስላለ ለመወጋት አይመችም፣ አይዝግምም።

ሁልጊዜ በራሱ የሚመለሰው ይሻላል ማለቴም አይደለም። ጂፕሰም ቦርድ ወይም ምንጣፍ በረጅሙ ለሚቆርጥ ሰው ምላጩ ተቆልፎ መቆም አለበት። ችግሩ የምትፈልጉትን አውቃችሁ ሌላውን ሲሰጧችሁ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ የማየት ዕድል ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ መግፊያውን ሳትጫኑ ወደ ፊት ብቻ ግፉት። ጥሩው ንቅንቅ አይልም። መጫንና መግፋት ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች መሆን አለባቸው፤ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ወይም የልብስ ጠርዝ ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ አይቀለውም። የኔው መጀመሪያ ቀን ይህን ፈተና ያልፍ ነበር። በሦስት ሳምንቱ ወደቀ። ስለዚህ ፈተናው ለመግዣ ቀን ብቻ አይደለም፤ እኔ አሁን በየሰኞው ጠዋት አደርገዋለሁ።

ቀጥሎ መግፊያው ጉብ ማለቱን ወይም ጎድጎድ ብሎ መቀመጡን እዩ። እጀታውን ጠረጴዛ ላይ በመግፊያው በኩል አስተኙት። ጠረጴዛውን የነካው መግፊያው ከሆነ ኪሳችሁም ይነካዋል። ይህችን ነገር ማንም አያያትም። እኔም ጣቴ እስኪሰፋ አላየኋትም።

ከዚያ ምላጩን አውጡና ጫፉን እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። ፊታችሁ በመስመሩ ላይ አይሁን፣ ሌላው እጃችሁም ከፊቱ ይራቅ። የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ ወደ ኋላ መሸሽ የለበትም። ጎን ለጎን ሲያወዛውዙት የሚንቀጠቀጥ ምላጭ ያለው ከሆነ መልሱላቸው። አፉ ሰፍቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ስትቆርጡ ከመስመር ይወጣል። በራሱ ይመለሳል የተባለ ከሆነ ደግሞ ገፍታችሁ ልቀቁት። ጠቅ ብሎ በአንዴ መግባት አለበት። እየተጎተተ፣ እያመነታ የሚገባ ሞላ አዲስ ሆኖ እንዲህ ከሆነ ብናኝ ሲገባበት ምን ሊሆን ነው?

አንድ ሌላ ነገር። መግፊያው ጨርሶ ወደ ኋላ ተመልሶም የምላጩ ጫፍ ከአፉ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ያኔ ሁልጊዜ የከተሩ ጥፋት አይደለም። በሁለቱም ጫፉ የሚቆርጠው አጭሩ ምላጭ ከጀርባው ትንንሽ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉት። እነሱ ተሸካሚው ላይ ባለችው ጉብታ በትክክል መግጠም አለባቸው። ምላጭ ስትቀይሩ ካልገጠመ ምላጩ ወደ ፊት ቀርቶ ይቀመጣል። እጀታውን መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ አፉን ከጎን እዩት። ምላጩን ያለ ካቻቢቴ፣ በቁልፍ ተጭነው የሚያወጡበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁልፉ የት እንዳለ ልብ በሉ። ስትቆርጡ ጣታችሁ በሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ምላጩ በሥራ መሀል ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ አንድ ታጣፊ ከተር ይዤ አይቻለሁ። ማን እንዳሰበው እንጃ።

ፎቶ ብቻ አይታችሁ የምታዙ ከሆነ ጥያቄያችሁን እንደኔ አትጠይቁ። «አውቶማቲክ ነው?» ካላችሁ መልሱ «አዎ» ነው፤ ምን ጊዜም «አዎ» ነው። «አውራ ጣቴን ሳነሳ ምላጩ የት ይሄዳል?» በሉት። «ወደ ውስጥ ይገባል» ካለ ሲገባ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይላክላችሁ። ሞላ ያለው ሰው ለመቅረጽ አምስት ሰከንድ አይፈጅበትም። ሰበብ ካበዛ መልሱን አግኝታችኋል።

አስሩ ትርፍ ምላጭስ? ቀጭንና ለስላሳ ብረት ነው። አምስት ካርቶን ሳይሞላ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ምላጭ ከስለታሙ የበለጠ አደገኛ ነው፤ አልቆርጥ ሲላችሁ ኃይል ትጨምራላችሁ፣ ሲያመልጣችሁ ያ ሁሉ ኃይል ወደ ሌላው እጃችሁ ይሄዳል። ምርቃቱን እንደ ምርቃት አትቁጠሩት።

ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። «ምላጭ እኮ ምላጭ ነው እህቴ፣ ይቆርጣል» ነው ያለኝ። በምትኩ ሌላ ልላክልሽ አለ፤ ያንኑ ዓይነት። የቀሩትን ሁለቱን ምላጫቸውን በፒንሳ አውጥቼ፣ በወፍራም ካርቶን ጠቅልዬ፣ በፕላስተር አሽጌ ጣልኳቸው። ቆሻሻ የሚያነሳውም ሰው ጣት አለው። የመጀመሪያውን እጀታ ግን አስቀምጬዋለሁ። የተበሉትን ጥርሶች በቅርበት ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ልኬለት ነበር። አይቶታል፣ አልመለሰም።

ማስታወቂያው ዛሬም አለ። ፎቶው ላይ የሚታየው መግፊያ ብረት ነው።