ጂ ሊግ ወይስ ባሕር ማዶ?

በኤንቢኤ (ትልቁ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ስሙ ያልተጠራ አሜሪካዊ ተጫዋች ከኮሌጅ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ምርጫው ሁለት ነው።

አንዱ ጂ ሊግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በ8 ቡድኖች የተጀመረው የኤንቢኤ ማሳደጊያ ሊግ። ተራው ተጫዋች በ2024/25 ለውድድር ዓመቱ የሚከፈለው 43 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ለአሜሪካ ኑሮ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደግነቱ የቤት ኪራይ በቡድኑ ነው። ዋናው ጥቅም ግን ቅርበቱ ነው። ኤንቢኤ ውስጥ ሰው ሲጎዳ ስልክ ይደወላል፤ የ10 ቀን ኮንትራት ይፈረማል። ፓስካል ሲያካም በ2017 የጂ ሊግን ዋንጫ ከራፕተርስ 905 ጋር አነሳ፤ በ2019 የኤንቢኤውን ደገመ። አንድሬ ኢንግራም ግን 10 ዓመት ያህል ጠብቆ፣ በ32 ዓመቱ ነው በ2018 ለኤንቢኤው ሌከርስ የገባው። በመጀመሪያ ጨዋታው 19 ነጥብ አስቆጠረ። ደስ ይላል፤ ግን ይህን ያህል የሚታገሥ ስንቱ ነው?

ባሕር ማዶ ያሉ ጥሩ ክለቦች የተሻለ ይከፍላሉ። ብዙ ጊዜ ቤትና መኪናም ይጨምራሉ። በርግጥ ደመወዝ እያዘገየ የሚያማርር ክለብም ሞልቷል፤ ናፍቆቱም አለ። ቢሆንም መንገዱ አይዘጋም። ፒ ጄ ታከር በእስራኤል፣ በዩክሬን፣ በግሪክ፣ በጣሊያንና በጀርመን ተጫውቶ በ2012 ወደ ኤንቢኤ ተመለሰ። በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ሻምፒዮን ሆነ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ገና 22 ዓመቱ ለሆነ ልጅ አንድ ሁለት ዓመት ጂ ሊግ ይበቃዋል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሻንጣውን ይሸክፍ።